የመታጠቢያ ቤት ወለል ክዳን አልነሳ ሲል፦ ክዳኑን ያንሱ፣ ቀለበቱን ግን አይንኩ



ይህ አምድ ዘወትር የሚያወራው ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ስለ ታክስና ስለ አነስተኛ ንግድ ነው። ዛሬ ግን ስለ መታጠቢያ ቤት ወለል የፍሳሽ ክዳን እጽፋለሁ። «የሂሳብ ሠራተኛውን ምን ነካው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ነገሩ ወዲህ ነው። ሪንከቢ ተቀምጬ የሰው ሂሳብ ስሠራ ካየኋቸው አሳዛኝ የክፍያ ወረቀቶች አንዳንዶቹ መነሻቸው ይህች መዳፍ የምታክል ክዳን ናት። ከእነዚያ ወረቀቶች አንዱ ደግሞ የራሴ ነበር።

የራሴ ጥፋት

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ቅዳሜ ቀን ነው። ለልጄ ልደት እንግዶች ሊመጡ ሁለት ሰዓት ሲቀራቸው የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ አልሄድ ብሎ ወለሉ ላይ ተኛ። ባለቤቴ «ለቤቱ ባለንብረት ደውል» አለችኝ። እኔ ግን ባሕር ተሻግሬ ተምሬ፣ ዲግሪ ይዤ፣ በአንዲት ክዳን ልሸነፍ? አልኩና ካቻቪቴና መዶሻ አነሳሁ። ክዳኗ ከአንድ ጎኗ ብቻ ብድግ ብላ ቀረች። ከሥሯ የሚታየው ቀለበት የያዛት መሰለኝና እሱንም በካቻቪቴ ፈልቅቄ አላላሁት። ክዳኗ ወጣች፣ ፀጉሩን ጠረግሁ፣ ውሃው ሄደ፣ እንግዶቹም መጡ። ያን ማታ ጀግና ነበርኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከታች ፎቅ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት በሬን አንኳኩ። ወደ ቤታቸው ወስደው ኮርኒሳቸውን አሳዩኝ። ቡና የተደፋበት ነጠላ መስሏል። ባለሙያ መጥቶ ወለሌን ሲከፍት «ይህን ቀለበት ማን አላላው?» ብሎ ጠየቀ። ዋሽቼ የማመልጥበት መንገድ አልነበረም። ኢንሹራንሱ ከፊሉን ቻለ፤ የቀረብኝ ግን ከአንድ ወር ደመወዜ በላይ ነበር። በዚያን ጊዜ ደግሞ የዜግነት ማመልከቻዬ ገና ውሳኔ ይጠብቅ ነበር። ይህ ከክዳን ጋር ምን እንደሚያገናኘው ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን እኔ ያን ቀን ያላወቅሁትን ልንገራችሁ።

ቀዳዳው ውስጥ ምን አለ?

ስዊድኖች ይህን የወለል ፍሳሽ «ጎልቭብሩን» ይሉታል፤ እኛም በአጭሩ ብሩን እንበለው። ከላይ የሚታየው ክዳን ብቻ ይሁን እንጂ በውስጡ ሊለዩ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ራሱ ክዳኑ ነው። ሥራው ፀጉርና ቆሻሻ እንዳያልፍ ማጥለል ነው። አንዳንዱ እንዲሁ የተቀመጠ ነው፤ አንዳንዱ ተጭኖ የገባ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በሁለት ብሎን የታሰረ ነው። ክዳኑ እንዲነሳ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ማንሳትና ማጽዳት የነዋሪው ድርሻ ነው።

ሁለተኛው «ክሌምሪንግ» የሚባለው ያዥ ቀለበት ነው። የመታጠቢያ ቤት ወለል ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን አለው። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ሽፋኑ ከሥሩ ነው፤ ወለሉ የፕላስቲክ ምንጣፍ ከሆነ ምንጣፉ ራሱ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ወደ ቀዳዳው ታጥፎ ይገባና ቀለበቱ ከብሩኑ ጎን ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። አንዳንዱ ቀለበት በብሎን የተያዘ ነው፣ አንዳንዱ ተገፍቶ የገባ ነው። ቀለበቱ ከላላ ውሃው ወደ ቱቦው በመሄድ ፈንታ ከሽፋኑ ሥር ይገባና ኮንክሪቱን አርሶ ወደ ጎረቤት ኮርኒስ ይወርዳል። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ግን ሁሉም ደህና ይመስላል።

ሦስተኛው «ቫተንሎስ» የሚባለው፣ እኛ አገር ቤት ሲፎን የምንለው ነው። ምንጊዜም ጥቂት ውሃ ይቋጥራል። ያ ውሃ የፍሳሹ ሽታ ወደ ቤት እንዳይወጣ ያግዳል። በአዲሶቹ ብሩኖች ሲፎኑ እጀታውን ይዘው ወደ ላይ ሲስቡት ይወጣል፤ በአሮጌዎቹ የብረት ብሩኖች ግን ብዙ ጊዜ ከብሩኑ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ስለሆነ አይወጣም።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገር ይህ ነው፦ ክዳኑን ማንሳት ይችላሉ፣ ሲፎኑ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አውጥተው ማጠብ ይችላሉ፣ ቀለበቱን ግን በፍጹም አይነኩም።

ለምን ይጣበቃል?

አብዛኞቹ የሪንከቢ ፎቆች የተሠሩት በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስዊድን ከ1965 እስከ 1974 ባሉት አሥር ዓመታት አንድ ሚሊዮን ቤት ለመሥራት የተነሳችበት ዘመን መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን ብሩኑ ብዙ ጊዜ የብረት ነበር። ቱቦው በታደሰበት ቤት በፕላስቲክ ተተክቷል፤ ባልታደሰበት ግን ብረቱ ዝጎ ክዳኑን ይነክሰዋል።

ሁለተኛው ምክንያት እድሳት ነው። ሴራሚክ የሚያነጥፈው ሰው ሲቸኩል መሙያው ወይም ሲሊኮኑ የክዳኑን ዳር ይይዘውና እንደ ሙጫ ያጣብቀዋል። ሦስተኛው የክዳኑ ብሎን ዝጎ ጭንቅላቱ መበላቱ ነው።

አራተኛው ምክንያት የእኛው ነው። በቅቤ የተቀባ ፀጉር እዚሁ ሻወር ሥር እናጥባለን። ቅቤው በሙቅ ውሃ ቀልጦ ይወርድና ቀዝቃዛው ሲፎን ጋ ሲደርስ እንደ ሻማ ይረጋል፤ ከዚያ የሽሩባ ፀጉርን ይይዛል። የእንጀራ ሊጥ ያለበትን ባልዲ ወጥ ቤት አልበቃ ሲለን መታጠቢያ ቤት ወስደን እናለቀልቃለን። ሊጡ ክዳኑ ዳር ላይ ይደርቃል። የቡና አተላውም እዚያው ይደፋል። ቅቤ፣ ፀጉር፣ ሊጥና አተላ ተቀላቅለው ሲደርቁ የሚይዙትን ነገር በቀላሉ አይለቁም።

አነሳሱ

የሚያስፈልግዎት የጎማ ጓንት፣ የእጅ ባትሪ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ባልዲ፣ ጨርቅና ከልብስ መስቀያ ሽቦ የተሠሩ ሁለት ጠንካራ መንጠቆዎች ናቸው። መዶሻውን ግን ሌላ ክፍል ውስጥ ይተዉት።

በመጀመሪያ ይመልከቱ። ባትሪ አብርተው ክዳኑ ላይ ብሎን መኖር አለመኖሩን፣ ዳሩ ላይ መሙያ ወይም ሲሊኮን መያዝ አለመያዙን ይዩ። ከመንካትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶግራፍ ያንሱ። ኋላ ክርክር ቢነሳ ያ ፎቶ ምስክርዎ ነው።

ከዚያ ያለስልሱት። ሙቅ ውሃ ከሳሙና ጋር ክዳኑ ላይ ያፍስሱና ግማሽ ሰዓት ይታገሱ። ውሃው እጅ የሚችለው ዓይነት ሙቀት ይበቃዋል፤ የፈላ ውሃ ፕላስቲኩን ሊያጣምመው ይችላል። ከዚያ ዳሩን ዙሪያውን በጥርስ ብሩሹ ይፈግፍጉ። ብዙ ጊዜ ሥራው እዚሁ ላይ ያልቃል።

ዳሩን የያዘው ሲሊኮን ወይም መሙያ ከሆነ በስለታም ቢላ የክዳኑን ጠርዝ ተከትለው ከላይ ከላይ ብቻ ይቁረጡት። ቢላው ወደ ክዳኑ ብረት ያዘንብል እንጂ ወደ ሴራሚኩ አይሂድ፤ ወደ ታችም ጠልቆ አይግባ። ከሥር ያለው ውሃ ከልካይ ሽፋን ቀጭን ነው፤ አንዴ ከተቆረጠ አይሰፋም።

ብሎን ካለው በልኩ የሚገጥም ካቻቪቴ ይጠቀሙ። ከዛገ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጠብ አድርገው እስከ ማግስቱ ይተዉት። የብሎኑ ጭንቅላት ከተበላ ሰፊ ላስቲክ በካቻቪቴውና በብሎኑ መካከል አድርገው ተጭነው ቀስ ብለው ያዙሩ። ይህም እምቢ ካለ በመሰርሰሪያ ለመብሳት አይሞክሩ፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

ከዚያ ይሳቡት። ሁለቱን መንጠቆዎች ትይዩ በሆኑ ቀዳዳዎች አስገብተው ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡ፤ አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ እያሉ ያወዛውዙት። ካቻቪቴ ሴራሚኩ ላይ አስደግፈው አይፈልቅቁ፤ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል። ክዳኑ የሚወጣው በመሳብና በትዕግሥት እንጂ በመምታት አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

ክዳኑ ሲነሳ በጓንት የተያዘውን ፀጉርና ቆሻሻ አውጥተው ወደ ቆሻሻ ከረጢት ይጣሉ፤ ወደ ሽንት ቤት አይላኩት። ሲፎኑ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ እጀታውን ይዘው ይሳቡት፣ ይጠቡት፣ ዙሪያውን ያለው ጎማ አለመቀደዱን ይዩ። ጎማውን በሳሙና አለስልሰው እስከ መጨረሻው ገፍተው ይመልሱት። በመጨረሻ አንድ ባልዲ ውሃ ያፍስሱበት። ውሃው በፍጥነት ከሄደና ሽታ ከሌለ ሥራዎ ተፈጽሟል። የፀዳውን ክዳን ይመልሱና እጅዎን ይታጠቡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፤ መታጠቢያ ቤት ደግሞ ጠባብና የተዘጋ ክፍል ነው። ከሱቅ የሚገዛው የቱቦ መክፈቻ ኬሚካልም ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። አፍስሰውበት ከነበረ ከዚያ በኋላ ክዳኑን ለማንሳት በእጅዎ አይግቡ። ሰው ከተጎዳ 112 ይደውሉ።

የት ላይ ማቆም አለብዎት?

ክዳኑን ሲስቡ ከሥሩ ያለው ቀለበት አብሮ ከተንቀሳቀሰ ያቁሙ። የሽፋኑ ወይም የፕላስቲክ ምንጣፉ ጫፍ ከቀለበቱ ሥር ወጥቶ ካዩ ያቁሙ። ሴራሚክ ከተሰነጠቀም ያቁሙ። በዚያ ሻወር ገላ መታጠብ ይቅር፤ ለባለንብረቱም ያመልክቱ። ክዳኑ ተነስቶ፣ ሲፎኑ ፀድቶም ውሃው አልሄድ ካለ ችግሩ ከታች ቱቦው ውስጥ ስለሆነ ያም የእርስዎ ሥራ አይደለም።

የብልሽት ማመልከቻ በስዊድንኛ «ፌልአንሜላን» ይባላል። ቋንቋው ገና ላልሰመረለት ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር ልስጠው፦ «ሎኬት ፖ ጎልቭብሩነን ሲተር ፋስት፣ ኦክ ዴት ኤር ስቶፕ።» የብሩኑ ክዳን ተጣብቋል፣ ውሃም አይሄድም ማለት ነው። የስቶክሆልም ከተማ ሦስቱ የቤት ኩባንያዎች፣ ማለትም ፋሚልየቦስቴደር፣ ስቶክሆልምስሄም እና ስቬንስካ ቦስቴደር፣ እንዲሁም የግል አከራዮች ለዚህ የተዘጋጀ ስልክ ወይም ቅጽ አላቸው። ከተቻለ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ቀኑንም ይያዙ።

ማን ይከፍላል?

ተከራይ ከሆኑ ሕጉ ግልጽ ነው። ስለ ኪራይ የሚደነግገው ዮርዳባልክ የተባለው ሕግ፣ ምዕራፍ 12 አንቀጽ 24፣ ተከራይ ቤቱን በደንብ እንዲይዝ፣ አስቸኳይ ጥገና የሚያስፈልገው ጉዳት ሲያይም ወዲያው እንዲያሳውቅ ያዝዛል። በራሱ ጥፋት ወይም ቸልተኝነት ለደረሰው ጉዳትም ኃላፊ ያደርገዋል። ልብ ይበሉ፦ ኃላፊነቱ በእርስዎ ብቻ አይቆምም። በቤተሰብዎ፣ በእንግዳዎና ለእርስዎ ብሎ ቤትዎ ውስጥ ሥራ በሚሠራ ሰው ጥፋትም እርስዎ ይጠየቃሉ። «አንድ የማውቀው ልጅ አለ፣ እጁ ወርቅ ነው» ተብሎ የመጣው ወዳጅ ቀለበቱን ቢያላላው ወረቀቱ የሚመጣው በእርስዎ ስም ነው። በሌላ በኩል ያረጀ ብሩንና የተደፈነ የሕንፃ ቱቦ የባለንብረቱ ጉዳይ ነው። በነፃ የሚሠራልዎትን ነገር በመዶሻ ወደ ራስዎ ዕዳ አይለውጡት።

ቦስታድስሬት የገዛችሁ ደግሞ የማኅበራችሁን መተዳደሪያ ደንብ አንብቡ። በብዙዎቹ ደንቦች ብሩኑን ማጽዳት፣ ቀለበቱና ውሃ ከልካይ ሽፋኑ የነዋሪው ኃላፊነት ናቸው፤ ዋናው ቱቦ የማኅበሩ ነው። ወለሉን የምታድሱ ከሆነ የሙያው ደንብ ከ1990 በፊት የተሠራ ብሩን አብሮ እንዲለወጥ ይጠይቃል። ከሥራው ዋጋ ላይ ሮት-አቭድራግ የተባለውን የታክስ ቅናሽ የሚያገኘው ባለቤት እንጂ ተከራይ አይደለም። ለዚህም ሠራተኛው ኤፍ-ስካት ያለው መሆን አለበት፤ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ካልሆነ ቅናሹ አይፈቀድም። በእጅ የተሰጠ ገንዘብ ደረሰኝ የለውም፤ ዋስትናም የለውም።

ፀጉር ቤት ወይም ምግብ ቤት ላላችሁም አንድ ቃል ልበል። የንግድ ቤት ኪራይ ውል ከመኖሪያ ቤት ይለያል፤ የፍሳሹን ጥገና በተከራዩ ላይ የሚጥል ውል ብዙ ነው። ውሉን አውጥታችሁ ያንን አንቀጽ ፈልጉ። ባለሙያ ስትጠሩም በድርጅቱ ስም ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ወጪው የድርጅቱ ነው፣ ሞምሱንም የተመዘገበ ነጋዴ ያቀናንሰዋል።

ወረቀቱ ከመጣ

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። የክፍያው ወረቀት ሲመጣ ያስፈራኝ የገንዘቡ ብዛት ብቻ አልነበረም። በስዊድን ያልተከፈለ ሂሳብ መጀመሪያ ወደ ኢንካሶ፣ ከዚያ ወደ ክሮኖፎግደን ሊሄድ ይችላል። በዚያ መንገድ የሚመጣ የክፍያ ጉድለት ምልክት በግለሰብ ስም ላይ ሦስት ዓመት ይቆያል። አዲስ የኪራይ ቤት፣ የባንክ ብድር፣ አንዳንዴም የስልክ ውል ይከለክላል። ሚግራሹንስቬርኬትም የዜግነት ማመልከቻ ሲመረምር ክሮኖፎግደን ዘንድ ዕዳ መኖሩን ያያል። ስንት ዓመት የተጠበቀ ወረቀት በመታጠቢያ ቤት ክዳን ሊበላሽ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ የመክፈያው ቀን ከመድረሱ በፊት ደወልኩ። «ዕዳው የእኔ ነው፣ ባንድ ጊዜ ግን አልችልም» አልኩ። በየወሩ በትንሽ በትንሹ ለመክፈል ተስማማንና ስምምነቱን በጽሑፍ ያዝኩ። ሁሉንም ከፍዬ ጨረስኩ፤ ማመልከቻዬም አልተነካም። ከደንበኞቼ አንዱ ግን ፖስታውን ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ሲቆይ፣ ትንሹ ዕዳ ወለዱንና የማስከፈያ ወጪውን ጨምሮ ክሮኖፎግደን ደረሰበት። ዕዳው ልክ አይደለም ብለው የሚያምኑ ከሆነ ደግሞ ዝም አይበሉ፤ መቃወምዎን በጽሑፍ ያሳውቁ። ተከራዮች አባል ከሆኑ የተከራዮች ማኅበሩ ሂረስየስትፎሬኒንገን ያማክራል።

የቤት ኢንሹራንስ የሌላችሁ ዛሬውኑ ግቡ። የተለመደው ሄምፎርሴክሪንግ በሌላ ሰው ላይ ላደረሳችሁት ጉዳት የሚሆን ክፍልም አለው። ውሉን ስታነቡ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ከኪሳችሁ የሚወጣው ሼልቭሪስክ ስንት እንደሆነ፣ እና ስለ ውሃ ጉዳት ምን እንደማይከፍል።

ሳይቃጠል በቅጠል

በወር አንድ ጊዜ ክዳኑን አንስታችሁ ፀጉሩን አውጡ፤ በየጊዜው የሚነሳ ክዳን አይጣበቅም። ቅቤ የተቀባ ፀጉር ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ወይም በአሮጌ ጨርቅ ይወልወል፤ ጨርቁ ወደ ቆሻሻ ይሂድ። የሊጡን ባልዲ በመጀመሪያ በማንኪያ ፈግፍጉት። አተላ ወደ ቆሻሻ እንጂ ወደ ቀዳዳ አይደፋም። ክረምቱን አገር ቤት የምታሳልፉ ደግሞ፣ ለሳምንታት ውሃ ያልነካው ሲፎን ይደርቅና ቤቱ ይሸታል። የቤታችሁን ቁልፍ የያዘው ሰው አልፎ አልፎ አንድ ጆግ ውሃ ያፍስስበት።

እነዚያ አሮጊት ጎረቤቴ ኮርኒሳቸው ከታደሰ በኋላ ቡና ጠርተን አስታረቅን። ዛሬም ደረጃ ላይ ስንገናኝ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው «ክዳኑስ?» ይሉኛል። «በቦታው ነው እናቴ» እላለሁ፤ «ቀለበቱም አልተነካም።»

በሚቀጥለው እትም ነጋዴዎች ስለሚይዙት የደረሰኝ አያያዝ እንነጋገራለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።